ለሙሽሮች፦ መጀመሪያ ባሕሩ፣ በኋላ ከተማው

ልጆቼ፣ ለጫጉላ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው የሚሉ ታላላቆች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አባቶቻችን ሙሽሮችን በጫጉላ ቤት ሲያስቀምጡ ያላቸውን ሁሉ ነበር የሚያቀርቡላቸው። ቅቤው፣ ጠላው፣ የፍሪዳው ብልት ለእነሱ ነበር። ሙሽሪት ውኃ አትቀዳም፣ እሳት አታነድም፤ ሚዜዎቹ እያጫወቱና እየታዘዙ ይሰነብታሉ። ደኻው ገበሬ እንኳ ለእነዚያ ቀናት አይሰስትም ነበር። ይህ ሁሉ የሚደረገው ከሠርጉ በፊት እምብዛም የማይተዋወቁት ሁለት ሰዎች ያለ ሥራና ያለ ጣልቃ ገብ እንዲላመዱ ነው። እናንተም ዛሬ በአውሮፕላን ሄዳችሁ ባሕር ዳርቻ ስታርፉ የምትፈልጉት ያንኑ ስለሆነ ማንም አያሸማቅቃችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ገንዘባችሁ ዕረፍትንና አብሮ የመሆን ጊዜን ይግዛላችሁ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

በጉዞ ሥራ ላይ በኖርኩባቸው ዓመታት ሙሽሮች ስለ ማልዲቭስ፣ ስለ ሲሸልስ፣ ስለ ሞሪሸስ ሲጠይቁኝ ኖረዋል። ሁሉም ያማሩ አገሮች ናቸው። ባሕርንና ከተማን በአንድ ጉዞ ለሚፈልጉ፣ ከአዲስ አበባም ለሚነሡ ግን ደጋግሜ የምመክረው ዛንዚባርን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚያ ይበራል፤ በቀጥታ ከሄደ ሦስት ሰዓት አይሞላም። የሰዓት ልዩነት የለም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ የቀኑን ሰዓት የሚቆጥሩትም እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው። ሾፌሩ «ሳ ምቢሊ» ብሎ ቢቀጥራችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ሆቴሉ በወረቀት የሚጽፍላችሁ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ ቀጠሮ ስትይዙ የትኛው እንደሆነ ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ሰዎች ዛንዚባር ሲሉ ብዙ ጊዜ ኡንጉጃ የተባለችውን ትልቋን ደሴት ማለታቸው ነው። ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በምዕራብ ዳርቻዋ ስቶን ታውን የምትባለው አሮጌ ከተማ አለች፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። በሰሜን ኑንግዊና ኬንድዋ፣ በምሥራቅ ማቴምዌ፣ ብዌጁ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ የሚባሉ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች አሉ፤ ታላላቆቹ ሪዞርቶች የተሠሩት በእነዚህ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ አውሮፕላን ሳትሳፈሩ፣ በመኪና መንገድ ብቻ፣ ሁለቱንም ዓይነት ኑሮ ታገኛላችሁ።

ከቦታው በፊት ግን ወሩን አስቡ። የእኛ የሠርግ ወቅት በአመዛኙ ሁለት ነው፤ አንዱ ጥር፣ ሌላው ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ። በጥር ለተጋቡ ዛንዚባር ተስማሚ ናት። በዚያን ጊዜ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፣ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ውኃው ሞቃትና ጥርት ያለ ይሆናል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ለደጋ ሰው ከሙቀቱ ይልቅ የሚከብደው የአየሩ እርጥበት ነው። ብዙ እንግዳ የሚመጣበት ወቅት ስለሆነም ዋጋው ከፍ ይላል።

ከፋሲካ በኋላ የምትጋቡትን ግን አጥብቄ እመክራችኋለሁ። ማሲካ የሚባለው የዛንዚባር ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ነው። በሚያዝያ ዶፉ ቀኑን ሙሉ ሊወርድ ይችላል፤ አንዳንድ ሪዞርቶች በራቸውን ይዘጋሉ፣ ያልዘጉት ዋጋ ይቀንሳሉ። ሙሽሮች ያንን የተቀነሰ ዋጋ አይተው ዘለው ይገዙታል፤ ከዚያ ሳምንቱን በመስኮት ዝናብ ሲያዩ ያሳልፉታል። ጫጉላ የግድ በሠርጉ ሳምንት መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም። ተጋቡ፣ ቤታችሁን ግቡ፣ ሥራችሁን ጀምሩ፤ ከዚያ ሰኔ ሲገባ ሂዱ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ነው፤ እንዲያውም ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። መጠበቅ ካልቻላችሁና ገንዘቡም ካላችሁ ሲሸልስን ተመልከቱ፤ በሚያዝያና በግንቦት መጀመሪያ ሁለቱ ነፋሶች ስለሚለዋወጡ ባሕሩ ጸጥ ይላል። ላ ዲግ በምትባለው ትንሽ ደሴት በብስክሌት እየዞራችሁ ትዝናናላችሁ። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ግን በጣም ትንሽ ናት፤ የከተማ ኑሮ ለሚፈልግ ሰው ከአንድ ቀን በላይ አትይዝም።

ረመዳንንም ተመልከቱ። የዛንዚባር ሕዝብ ሁሉም ማለት ይቻላል ሙስሊም ነው። በጾሙ ወር ቀን ቀን በከተማው ብዙ ምግብ ቤት ዝግ ነው፤ በአደባባይ መብላትና መጠጣትም ነውር ነው። በሪዞርቱ ግቢ ውስጥ ምንም አይከለከልባችሁም፤ የከተማው ቆይታችሁ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ወሩ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም ስለሚል፣ የሠርጋችሁን ዓመት ቀን ቆጥራችሁ አረጋግጡ። ሙስሊም ልጆቼ በተቃራኒው ኢፍጣሩን እዚያ ማሳለፍ ትመርጡ ይሆናል፤ መስጊዱም ምግቡም ያለ ጥያቄ የሚገኝበት አገር ነው።

አሁን ስለ ድካማችሁ ልናገር፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰማኝ ስለማጣ ደጋግሜ እናገራለሁ። የእኛ ሠርግ በአንድ ቀን አያልቅም። ሽምግልናው፣ ጥሎሹ፣ ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ እያለ ይሄዳል። ሙሽሪት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ፀጉሯን ስትሠራ፣ ሙሽራው የእንግዳ ስልክ ሲያነሣ፣ ሁለቱም በቅጡ ሳይበሉ ቀናት ያልፋሉ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለሠርግ የመጣችሁ ደግሞ የረጅም በረራ ድካም አለባችሁ። እንዲህ ሆኖ በመልሱ ማግስት ንጋት ላይ ቦሌ የሚገኙ ሙሽሮችን ብዙ አይቻለሁ፤ ፊታቸው ታሞ የተነሣ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ቢያንስ ሁለት ቀን አርፋችሁ ተነሡ። ዘመድ «ለምን አልሄዱም» ቢል፣ ይበል።

ባሕሩን አስቀድማችሁ ከተማውን ወደ ኋላ አድርጉት የምለውም ለዚሁ ነው። የደከመ ሰው ከተማ አይገባውም። ስቶን ታውን ማስተዋል ትጠይቃለች፤ ጠባብ መንገዷ ያጠፋፋል፣ ነጋዴው ይጠራል፣ ታሪኳም ከባድ ነው። መጀመሪያ ባሕር ዳር ተኙ። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ባታዩ፣ በልታችሁ ብትተኙ፣ ተነሥታችሁ ብትበሉ ምንም አልጎደለባችሁም። የመጀመሪያው ሌሊት ከድካም የተነሣ በእንቅልፍ ብቻ ቢነጋ እንኳ አትጨነቁ፤ የትዳር ሌሊት ብዙ ነው። ከተማውን በመጨረሻ ማድረጋችሁ ሌላም ጥቅም አለው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ለስቶን ታውን ቅርብ ስለሆነ በመመለሻ ቀናችሁ ከሰሜን ጫፍ በጥድፊያ አትነዱም።

ሆቴል አታብዙ። ሰባት ሌሊት ያላችሁ አምስቱን በአንድ ባሕር ዳር፣ ሁለቱን በከተማ አሳልፉ። አሥር ሌሊት ከሆነ ሁለት ባሕር ዳርቻ ማየት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን ሻንጣ ማሰርና መፍታት ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። በእኔ ዓይን ትልቁ ቅንጦት ጠዋት ስትነቁ የምትሄዱበት ቦታ አለመኖሩ ነው።

ባሕር ዳርቻውን ስትመርጡ አንድ ነገር ካላወቃችሁ ታዝናላችሁ። በምሥራቁ ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ርቆ ይሸሻል። ጠዋት በራችሁ ላይ የነበረው ባሕር ቀትር ላይ በሩቁ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፤ በመካከል ያለው አሸዋና የባሕር ሣር ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ይብሳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የራሱ ውበት አለው። የመንደሩ ሴቶች በዚያ ጊዜ ወርደው በባሕር ውስጥ ያለሙትን ሣር ይሰበስባሉ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ በብዙ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ፀጥ ያለ የእግር መንገድ ታገኛላችሁ። በሚቻምዊ ፒንግዌ ባሕር ውስጥ ባለ ቋጥኝ ላይ የተሠራ ትንሽ ምግብ ቤት አለ፤ ውኃው ሲሸሽ በእግር፣ ሲመለስ በጀልባ ትገቡበታላችሁ። ፀጥታ ለሚወድ ጥንድ ምሥራቁ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ መዋኘት ለሚፈልጉና ፀሐይ በባሕር ላይ ስትጠልቅ ማየት ለሚሹ ግን ኬንድዋና ኑንግዊ ይሻላሉ፤ በዚያ ውኃው እምብዛም አይሸሽም፣ የእንግዳው ብዛትና የሙዚቃው ድምፅ ግን ከፍ ይላል። ሪዞርቱን ስትጠይቁ «ባሕሩ ፊት ለፊት ነው ወይ» አትበሉ፤ ሁሉም አዎ ይላል። «ውኃው ሲሸሽ መዋኘት ይቻላል ወይ» በሏቸው።

ብዙዎቻችን ዋና አናውቅም። በደጋ ያደገ ልጅ ወንዝ እንጂ ባሕር አላየም። ይህን ለሚስትህ፣ ለባልሽ ለመናገር አትፈሩ። ፎቶ ላይ ጀግና ለመምሰል ደረት ድረስ የገባ ሰው በአንድ ሞገድ እግሩ ይከዳዋል። በጀልባ ስትወጡ ላይፍ ጃኬቱን ልበሱ፤ ጀልባው የሌለው ከሆነ አትሳፈሩ፣ ቀብድ ከፍላችሁም ቢሆን ተዉት። ባሕር ውስጥ የሚራመዱበት የጎማ ጫማ ግዙ፤ ድንጋዩ ሥር ጥቁር እሾኻም ፍጥረት አለ፣ ከእግር ለማውጣት ያሠቃያል። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ አናት ላይ ነው የምትቆመው። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። በኪዚምካዚ ዶልፊን ለማሳየት የሚወስዷችሁ ጀልባዎች አሉ፤ በአሥር ጀልባ ከብበው እንስሳቱን የሚያሳድዱ ከሆነ አትሂዱ። ምኔምባ በተባለችው ደሴት ዙሪያ ያለውን የኮራል ዓለም በመነጽር ማየት ግን ዋና ለሚችል ሰው የሚረሳ አይደለም፤ ኮራሉን በእጅም በእግርም አትንኩት፣ ይሞታል።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የጫጉላ በጀት ባልና ሚስት ሆናችሁ የምትወስኑት የመጀመሪያው ትልቅ ወጪ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ለሌላው ድንገተኛ ስጦታ አድርጎ ባይገዛው እመርጣለሁ። አንድ ወረቀት ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ደመወዛችሁን፣ ያጠራቀማችሁትን፣ የሠርጉን ዕዳ ሳትደባበቁ ጻፉ። ሪዞርቶቹ ዋጋ የሚጠሩት በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ታላቅ ወንድማችሁ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፍሎ የሄደበትን ዋጋ እያሰባችሁ አታቅዱ።

በብድር ጫጉላ አትሂዱ። ይህን ያለ ምንም ማለሳለስ ነው የምለው። የዕቁቡ ገንዘብ ለቤት ዕቃ ታስቦ ከሆነ ለባሕር አይውጣ። ሰባት ሌሊት ካልቻላችሁ አራት ሌሊት በጥሩ ሪዞርት አሳልፉ፤ አራቱም ካልተቻለ ላንጋኖ አለ፣ ሐዋሳ አለ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ያረፈ ጥንድ፣ ዛንዚባር ሄዶ ስለ ዕዳው ሲያስብ ከሚያድር ጥንድ እጅግ ይሻላል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለች እኅት «ምን ልላክላችሁ» ብትል አታፍሩ፤ አንድ የሆቴል ሌሊት ክፈይልን በሏት። ሦስተኛ የቡና ስኒ ስብስብ ከምትቀበሉ ይህ ይጠቅማችኋል፣ እሷንም ደስ ይላታል።

ስትከፍሉ ግብሩና የአገልግሎቱ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መሆኑን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳችሁ መኪና መታሰቡን፣ ቀኑ ቢለወጥ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጡ። ርካሽ የሚመስለው ዋጋ ብዙ ጊዜ የማይመለሰው ነው። የሠርግ ቀን ደግሞ በኀዘንም በሌላም ይገፋል። ባሕር ዳር ባለው ሪዞርት ቁርስና እራት የያዘውን ሃፍ ቦርድ ውሰዱ፤ በአካባቢው ሌላ ምግብ ቤት ላይኖር ይችላል። ከተማ ስትገቡ ግን ቁርስ ብቻ ይበቃል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ሙሽሮች መሆናችሁን አስቀድማችሁ ጻፉላቸው። ብዙ ሆቴሎች ለሙሽራ አልጋ በአበባ ያስጌጣሉ፣ አንድ እራት በባሕር ዳር ያዘጋጃሉ፣ ክፍት ካለም የተሻለ ክፍል ይሰጣሉ፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግን ሊጠይቁ ይችላሉ። የእኛ አገር ሚስት በአባቷ ስም ስለምትጠራ የሁለታችሁ ፓስፖርት አይመሳሰልም፤ የወረቀቱን የእንግሊዝኛ ትርጉም ቅጂ ያዙ። በውጭ የምትኖሪና የባልሽን ስም ለመያዝ ያሰብሽ ልጄ ደግሞ፣ ትኬትሽ ዛሬ በእጅሽ ባለው ፓስፖርት ላይ በተጻፈው ስም ይቆረጥ፤ የስሙ ነገር ከጉዞ በኋላ ይደርሳል።

ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም የውጭ እንግዳ የደሴቲቱን የጉዞ መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ ለአንድ ዐዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ መድን ቢኖራችሁም አይቀርም፤ ስለዚህ ለሁለታችሁ 88 ዶላር ከወዲሁ መዝግቡ። ሻንጣችሁን ስታዘጋጁ በፌስታል አታሽጉ፤ በአገሩ የተከለከለ ነው። ልጄ፣ ቀኑን ስትቆርጡ የወር አበባሽን ቁጠሪ፤ ይህን ለሴት ልጅ ደፍሮ የሚነግር ሰው ስለሌለ እኔ ልንገርሽ። ስለ ወባ መድኃኒትም ሐኪማችሁን አማክሩ።

አሁን ወደ ስቶን ታውን ግቡ። በባሕሩ ፊት እንደ ፓርክ ሃያትና ሴሬና ያሉ ታላላቅ ሆቴሎች አሉ፤ በውስጥ በኩል ደግሞ የድሮ ነጋዴዎች መኖሪያ የነበሩ፣ ጣሪያቸው ላይ እራት የሚበላባቸው ቤቶች ሆቴል ሆነዋል። እኔ ሁለተኛዎቹን እመርጣለሁ። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ሊፍት የለም፤ ማታ ግን ከጣሪያው ላይ አዛኑ ከየመስጊዱ ሲያስተጋባ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላትም አብሮ ሲታይ ሁለታችሁም ዝም ትላላችሁ። መንገዱ መኪና አያስገባም። ካርታውን ተዉትና ጥፉ፤ ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ብዙም ሳትሄዱ ወይ ከባሕሩ ወይ ከዳራጃኒ ገበያ ትወጣላችሁ። በሮቹን እዩ፤ በነሐስ ጉጥ ያጌጡ፣ አበባና ሰንሰለት የተቀረጸባቸው ናቸው። ፓፓሲ የሚሏቸው ደላሎች ሲከተሏችሁ ፈገግ ብላችሁ አመሰግናለሁ በሉና እለፉ፣ አትከራከሩ። ታንዛናይት የሚባለውን ሰማያዊ ዕንቁ የሚሸጡ ሱቆች ይጠሯችኋል፤ ዕንቁው በእርግጥ ከታንዛኒያ በቀር በዓለም አይገኝም፣ ያለ ማረጋገጫ ወረቀት ግን አትግዙ።

ማታ ፎሮዳኒ የአትክልት ስፍራ ውጡ። ቁርስ ብቻ ያለበትን ዋጋ ምረጡ ያልኩት ለዚህ ነው። ከመሸ በኋላ ነጋዴዎቹ ፍም ያነድዳሉ፣ ዓሣና ሥጋ ይጠብሳሉ፣ ሸንኮራ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ይጨምቃሉ። ጠረጴዛ ላይ ቀድሞ ተደርድሮ የቆየ የባሕር ምግብ አትብሉ፤ ዓይናችሁ እያየ የተጠበሰውን ብሉ። ጾመኞች ከሆናችሁም አትራቡም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ፣ ካሳቫ፣ ጎመን፣ ሩዝ ሞልቷል። በጉዞ ላይ ስላለው ጾማችሁ የነፍስ አባታችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

አለባበሳችሁን ጠብቁ። በሪዞርቱ ዋና ስፍራ የሚለበሰው ከግቢው አይውጣ። በመንደርና በከተማ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ነጠላሽን በቦርሳሽ ያዢ፣ ይበቃሻል። አደባባይ ላይ መተቃቀፍና መሳሳም ለእነሱ ነውር ነው፤ ለእኛም አገር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሰውን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ በተለይ ሴቶችን።

አንድ ጠዋት ደግሞ ለባሪያ ገበያው ስጡ። ሙሽራ እንዲህ ያለ ቦታ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ሂዱ ነው የምለው። እ.ኤ.አ. በ1873 ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት ገበያውን እስኪዘጋ ድረስ ሰዎች እንደ ከብት ይሸጡበት ነበር፤ በስፍራው ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። በጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ የድንጋይ ሐውልቶች አሉ፣ ከእነሱ አጠገብም ሰዎቹ ይታጎሩባቸው ነበር የሚባሉ ዝቅ ያሉ ክፍሎች ይታያሉ። ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አይደለም። የዛንዚባሩ ሱልጣን ሰዒድ ልጅ ሰልሜ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ፣ በአባቷ ቤት ከነበሩት ሴቶች መካከል ከሐበሻ ምድር ተሸጠው የመጡ እንደነበሩ ጽፋለች። እኅቶቻችን ናቸው። በዚያ ቤት የደረሰባቸውን ሳያውቁ በዚያ ጎዳና ማለፍ ለእኛ ልጆች አይገባም።

የሰልሜ የራሷ ታሪክም ለሙሽሮች የሚነገር ነው። ስቶን ታውን ውስጥ ከቤቷ አጠገብ የሚኖር ሩተ የተባለ ጀርመናዊ ነጋዴ ወደደች። እ.ኤ.አ. በ1866 ከደሴቲቱ ሸሽታ ወጣች፣ በዓደን ተጠምቃ ተጋቡ፣ ሃምቡርግ ገቡ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በ1870 ባሏ በትራም አደጋ ሞተና ሦስት ሕፃናት ይዛ በማታውቀው አገር ቀረች። አገሯን፣ ርስቷን፣ ወንድሞቿን ለዚያ ትዳር ከፍላለች። ማታ ጣሪያው ላይ ተቀምጣችሁ ይህን ስታወሩ እርስ በርሳችሁ ጠይቁ፦ አንቺ ለእኔ ምን ተውሽ፣ አንተስ ምን ተውክ? ከሥራ፣ ከከተማ፣ ከእናት ቤት የተለየ አንዱ ከሁለታችሁ ይኖራል። ያንን አፍ አውጥቶ ማመስገን በጫጉላ ይጀመር።

ሌላው የሁለታችሁ ጉዳይ ነው። አንዱ መተኛት ሲፈልግ ሌላው ገበያ መውጣት ቢፈልግ ሁለት ሰዓት መለያየት ኃጢአት አይደለም። የተጠራቀመው ድካምና ሙቀቱ ተደምረው ትጣሉ ይሆናል፤ በጫጉላ የተጣላ ትዳሩ አይፈርስም፣ በዚያው ቀን ይታረቅ እንጂ። ስትደርሱ ለሁለቱም ቤተሰብ ደውሉ፣ ሙሽራው ለአማቱ፣ ሙሽሪት ለአማቷ። ከዚያ በኋላ ስልኩን በክፍሉ ካዝና ቆልፉበት፤ ለፎቶ በቀን አንድ ሰዓት መድቡና ከዚያ ውጭ ያለው ቀን የእናንተ ብቻ ይሁን። ገና በአልጋ ላይ ሆናችሁ ሰው የጻፈውን አስተያየት የምታነቡ ከሆነ፣ የሠርጉን እንግዳ ሁሉ ክፍላችሁ ድረስ ይዛችሁት ገብታችኋል ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ ብዙ ሙሽሮች በር ላይ የሚያስታውሱትን አሁን ልንገራችሁ። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ታንዛኒያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስለዚህ የጥሪ ካርዱን ለማተሚያ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ሄዳችሁ ተከተቡ።